ከማስተኛ ኪኒን በፊት፦ ለአዛውንቶች እጅ የሚሆን ለስላሳ ነገር



በዛሬው የጤና ዓምዳችን በብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ከደጃፍ ወጥቶ የማይነገር ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ጉዳዩ የጃጁ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ይመለከታል። "ጃጁ" የሚለውን ቃል የተጠቀምኩት ለማዋረድ አይደለም፤ በየቤቱ የሚነገረው እሱ ስለሆነ ነው።

መድኃኒት ቤት ለሚሠራ ሰው ጥያቄው የተለመደ ነው። አንዲት ሴት ትመጣና ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቃ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እህቴ፣ ለእናቴ የሚያስተኛ ነገር ካለ ስጪኝ" ትላለች። ስትጠየቅ ታሪኩ ከሌላው ቤት ታሪክ ብዙም አይለይም። እናት ቀን ደህና ይውላሉ፤ ዐስር ከተሰገደ በኋላ መቁነጥነጥ ይጀምራሉ፤ መግሪብ ላይ "ቤቴ ውሰዱኝ" ይላሉ፣ ያሉት ግን እዚያው ቤታቸው ውስጥ ነው። ሌሊት ተነስተው በር ይከፍታሉ፣ የጋቢያቸውን ዘርፍ እየነጩ ይበጥሳሉ፣ ከሞቱ ብዙ ዓመት የሆናቸውን ወንድማቸውን ይጣራሉ። ደብረ ታቦር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጉና በኩል የሚነፍሰው የሌሊት ብርድ በባዶ እግራቸው ለወጡ አዛውንት ቀላል አይደለም። ልጆቹ እንቅልፍ አጥተዋል፣ ፈርተዋል፣ ደክሟቸዋል። ኪኒን ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም።

በሕክምናው ቋንቋ ይህ የመርሳት በሽታ ይባላል። አንድ በሽታ ብቻ ሳይሆን ብዙ መንስኤዎች ያሉት ሲሆን ከሁሉም የሚበዛው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ለሙያ ባልደረቦቹ የገለጸውና ስሙን የወረሰው አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ እንደነበር ገልጿል። እኛ ሙስሊሞች ግን ሁኔታውን ከአልዛይመር ብዙ ቀድመን እናውቀዋለን። በሱረቱን-ነሕልና በሱረቱል-ሐጅ ከሰዎች መካከል ካወቁ በኋላ ምንም ወደማያውቁበት የዕድሜ መጨረሻ የሚመለሱ እንዳሉ ተነግሮናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህ ዕድሜ በአላህ ይጠበቁ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ስለዚህ እናታችን ቢጃጁ ድግምት ነው፣ ቡዳ ነው፣ የኢማን ድክመት ነው እያልን ከመሮጥ በፊት አንድ ጊዜ ረጋ እንበል። ሩቅያ የሚያደርግ ያድርግ፤ ቁርኣን መስማቱ ራሱ ብዙዎቹን ያረጋጋል። ዱላና የጭስ መታጠን ግን ሕክምናም ዲንም አይደለም።

ወደ ኪኒኑ እንመለስ። "የሚያስተኛ" ተብለው ከሚጠየቁት መካከል ዲያዜፓም፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ፕሮሜታዚን፣ ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል ይገኙበታል። እነዚህ መድኃኒቶች ለትክክለኛው ሕመም፣ በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጡ ጠቃሚ ናቸው። ለጃጀ አዛውንት ግን ነገሩ ይለወጣል። ዲያዜፓም በአረጋዊ ሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ የዛሬው ሳይወጣ የነገው ይደረብበታል። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ይንገዳገዳሉ፣ ይወድቃሉ፣ የዳሌ አጥንት ይሰበራል፤ በዚያ ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ ደግሞ ብዙዎቹን ዳግመኛ በእግራቸው አያስቆማቸውም። ፕሮሜታዚንና አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ ሽንት ይይዛሉ፤ ከሁሉም በላይ የቀረችውን ማስታወስ ጭምር ያደበዝዛሉ። ለጉንፋንና ለአለርጂ ያለ ማዘዣ የሚገዙት እነ ዲፌንሃይድራሚንም ያው ናቸው።

ሃሎፔሪዶልንና ቤተሰቦቹን በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ከባድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መሥሪያ ቤቱ 17 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምር በመርሳት በሽታ ምክንያት ለሚረበሹ አዛውንቶች አዳዲሶቹ የዚህ ዘር መድኃኒቶች ሲሰጡ የመሞት ዕድላቸው ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ከ1.6 እስከ 1.7 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አሥር ሳምንት ያህል በወሰደ ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት 4.5 በመቶ፣ ባዶውን ከወሰዱት ደግሞ 2.6 በመቶ ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ማስጠንቀቂያው እነ ሃሎፔሪዶልን የመሳሰሉትን የቆዩ መድኃኒቶችም እንዲያካትት ተደረገ። ሐኪም ሌላ አማራጭ ሲያጣ ለአጭር ጊዜ ሊያዛቸው ይችላል። በጎረቤት ምክር፣ ከሌላ ሰው የተረፈ ኪኒን መስጠት ግን በእናት ሕይወት መቀለድ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ የሚረብሻቸውን ነገር እንፈልግ። ጥርስ ወይም ጉልበት ሊያማቸው ይችላል፤ ሆዳቸው ለቀናት ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ሊጠማቸው ይችላል፤ ብቻ መናገር አይችሉም። ሽንት የሚያስወጣውን ፉሮሴማይድን ማታ የሚወስዱ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስነሳቸው እሱ ነው፤ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ስለመቀየር ባለሙያ ጠይቁ። ለስኳር ግሊበንክላሚድ የሚወስዱና ራት በቅጡ የማይበሉ ከሆነ ደግሞ የሌሊቱ መረበሽና ላብ የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። ከዐስር በኋላ ቡና መቀነስም አይከፋም። ይህን የምለው ቡና ወዳድ አገር ውስጥ መሆኔን ሳልረሳ ነው፤ ቄጠማው ይጎዝጎዝ፣ ጀበናው ይቅረብ፣ የእሳቸው ስኒ ግን የጠዋቷ ትሁን። አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ፦ ሰውየው ትናንት ደህና ሆነው ዛሬ በድንገት ግራ ከተጋቡ፣ ከደነዘዙ ወይም ትኩሳት ካላቸው ይህ መጃጀት አይደለም። የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለባቸው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ምክንያት ካልተገኘ፣ የቀረው የእጅ መቁነጥነጥና የመንፈስ አለመረጋጋት ከሆነ፣ የዛሬው ዋና ጉዳያችን እዚህ ላይ ነው። እጅ ሥራ ይፈልጋል። የመርሳት በሽታ ስምንና ቀንን ቀድሞ ሲወስድ እጅ የለመደውን፣ ቆዳ የሚወደውን፣ ጆሮ ያደገበትን ድምፅ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚነካው። ለዚህም ነው በእጅ የሚያዝ ለስላሳና ትንሽ ከበድ ያለ፣ ሲነኩት ዝግ ያለ ድምፅ የሚሰጥ ነገር ብዙ አዛውንቶችን የሚያረጋጋው። ጃፓኖች ለዚህ ሲሉ ሲዳሰስ ድምፅ የሚሰጥና የሚንቀሳቀስ፣ ፓሮ የሚባል የባሕር እንስሳ ቅርጽ ያለው ሮቦት ሠርተዋል፤ ዋጋው 6,000 ዶላር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 415 አዛውንቶች ተከፋፍለው ለአንዳንዶቹ ሮቦቱ፣ ለአንዳንዶቹ ያው አሻንጉሊት ሞተሩ ጠፍቶ፣ ለሌሎቹ የተለመደው እንክብካቤ ብቻ ተሰጠ። ሮቦቱ ስሜትንና መረበሽን በማሻሻል ከተለመደው እንክብካቤ በለጠ። ከተራው ለስላሳ አሻንጉሊት የበለጠው ግን አዛውንቶቹ ትኩረታቸውን እንዲሰጡት በማድረግ ብቻ ነበር። እኔ ከዚህ የተረዳሁት 6,000 ዶላር ለሌለን ሰዎች በሩ እንዳልተዘጋ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የዲን ጥያቄዎች ይነሳሉ፤ አንባቢም ሳያነሳቸው አይቀርም። የመጀመሪያው ቃጭሉ ነው። ውሻ ወይም ቃጭል ያለበትን የመንገደኞች ጓድ መላእክት እንደማያጅቡት የሚገልጽ ሐዲስ ሙስሊም ዘግበዋል፤ ቃጭልን ከሸይጧን ዋሽንት የሚቆጥር ሌላ ዘገባም አለ። ዑለሞች ይህ የትኛውን ቃጭል እንደሚመለከትና የጥላቻው መጠን እስከምን እንደሆነ የተለያየ አስተያየት አላቸው። እኔ መድረሳ የተማርኩትን ያህል ባውቅም ፈትዋ መስጠት የኔ ሥራ አይደለም፤ የመስጊዳችሁን ዓሊም ጠይቁ። ልባችሁ ካልፈቀደ ደግሞ ያለ ቃጭል የሚሠራበት መንገድ ስላለ ከታች እገልጸዋለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ የአሻንጉሊት ቅርጽ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በአሻንጉሊቶች ይጫወቱ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል፤ በአቡ ዳዉድ ዘገባ ደግሞ የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ እንደነበራቸውና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይተው እንደሳቁ ተመዝግቧል። ይሁንና ለአዛውንት የሚሠራው ነገር ዓይንና አፍንጫ አያስፈልገውም። ትራስ መሰል ቢሆን ከክርክሩም ይገላግላል፣ ለክብራቸውም ይሻላል።

አሠራሩን እነሆ። ከሁሉ አስቀድሞ ጨርቁ ከቤት ይሁን። ያረጀ ጋቢ፣ የሟች ባለቤታቸው ሽርጥ፣ ለብዙ ዓመት የለበሱት ነጠላ ከአዲስ ጨርቅ ይበልጣል፤ ጣቱም አፍንጫውም ያውቀዋል። ርዝመቱ ሁለት ስንዝር፣ ወርዱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል የሆነ ከረጢት ይሰፋ። ውስጡን ባዘቶ ሙሉት። በእኛ በደጋው የፋርጣ በግ ፀጉርም ሞልቷል፤ ለባና የሚፈተለው ማለት ነው። እሱን የምትጠቀሙ በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግማችሁ አጥባችሁ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁ። የበግ ፀጉር ቆዳ ስለሚያሳክክ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከረጢቱ ድርብ ይሁን። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጭን ላይ ሲቀመጥ መኖሩ የሚታወቀው ክብደት ሲኖረው ነው። ክብደት ለመጨመር ሽምብራ የሚያስገቡ አሉ፤ ነቀዝና አይጥ ይጠራልና በየወሩ የማትቀይሩት ከሆነ ይቅርባችሁ።

ድምፁን በተመለከተ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ቃጭል ባዘቶ ውስጥ በቀጥታ ከተቀበረ አይጮህም። ቃጭል የሚጮኸው አካሉ ሲንቀጠቀጥ ነው፤ ጥጥ ዙሪያውን ሲይዘው መንቀጥቀጡ ይሞታል። ስለዚህ ቤት ያስፈልገዋል። ለዚህ ባዶ የኪኒን ዕቃ የሚያህል ነገር የለም፤ ከፋርማሲ ብትጠይቁ አይከለክሏችሁም። ሰፋ ያለውን የፕላስቲክ ዕቃ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፣ ቃጭሉን በክር ከክዳኑ ሥር አንጠልጥሉ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ በፕላስተር ዙሪያውን ጠቅልሉ፣ ከዚያም በጨርቅ ሸፍናችሁ ትራሱ መሐል ስፉት። ድምፁ የታፈነና ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ሻኩራው ውስጡ ፍሬ ስላለው ማንጠልጠል ሳያስፈልገው ይሰማል።

የቃጭሉ ዓይነትም ወሳኝ ነው። በእርጅና የሚጠፋው መስማት ከቀጭኑ ድምፅ ይጀምራል። የልጅ እግር ላይ የሚታሰረው ሲር የሚል ቀጭን ድምፅ ለእኛ ደስ ቢለንም አዛውንቷ ላይሰሙት ይችላሉ። ወፈር ያለውን፣ በበቅሎ አንገት ላይ የሚታሰረውን ዓይነት ምረጡ። በበቅሎ ስትጓዝ ለኖረች የገጠር እናት ድምፁ የምታውቀው ነው፤ ገበያ መሄድን፣ የአባትን ከመንገድ መመለስ ያስታውሳል። በቃጭሉ ልባችሁ ያልፈቀደ ደግሞ እዚያው ዕቃ ውስጥ ግማሽ እፍኝ ጥሬ ቡና አድርጉበት። ትራሱ ሲገላበጥ ቡና ሲለቀም የሚሰማውን የመሰለ የሚንሿሿ ድምፅ ይሰጣል፤ የጥሬ ቡናን ድምፅ የማያውቅ እናት ደግሞ በአገራችን የለም። የእንጨት ሙስበሃም ለለመዱት ጥሩ የእጅ ማረጋጊያ ነው፤ ነገር ግን ክሩ ሲበጠስ ፍሬዎቹ አፍ ውስጥ ስለሚገቡ በጠንካራ ክር ይሰካ፣ በየሳምንቱም ይታይ።

ጠርዙ ላይ እጅ የሚይዘው ነገር ይኑር። የጋቢ ዘርፍ ቋጠሮው ጠብቆ፣ የጥለት ቁራጭ፣ የለስላሳ ቆዳ ጫፍ፣ ከተቻለ ዚፕ። አዝራር ግን አልመክርም፤ ጥርስ ያለው ይነቅለዋል፣ ጥርስ የሌለው ይውጠዋል። የውጩ ልብስ እንደ ትራስ ልብስ የሚወልቅ ይሁንና ሁለት ይሰፋ። ሽንትና ምራቅ ይነካዋል፤ ለጤናም፣ ለሚሰግደው ቤተሰብ ጠሃራም አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል። ስፌት የማትችሉ ገበያ ውስጥ ያለ ማንኛውም ልብስ ሰፊ በአጭር ጊዜ ይሠራላችኋል። በጎንደርና በአካባቢው ሽመናና ንግድ የሙስሊሙ የቆየ መተዳደሪያ መሆኑን ካነሳን፣ በየቤቱ አንድ ጥለት ቁራጭ አይጠፋም።

አሻንጉሊት ለመግዛት የምታስቡም ትኖራላችሁ። ከሰልባጅ ገበያ የሚገኘው ለስላሳ አሻንጉሊት ታጥቦ ቢሰጥ ክፋት የለውም። አደጋው ሲጫኑት የሚዘፍነው ነው። ዘፈኑ ለቤታችን አይመጥንም ማለት ብቻ ሳይሆን፣ ብዙዎቹ ውስጣቸው እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ትንሽ ባትሪ አላቸው። ያ ባትሪ ተውጦ ጉሮሮ ውስጥ ከተሰካ በሁለት ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ማቃጠል ይችላል። ለልጅ ልጆችም ያው ነው። ተውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ሁሉም በትራስ አይረጋጋም። አንዲት ደንበኛችን የእናቷን ነገር ስትነግረኝ፣ ትራሱን ሰጥታቸው ወርውረውታል። ቀን ሙሉ የሚያደርጉት የራሳቸውን ክንድ ቆዳ መቆንጠጥ ነበር። "ጉልበት በነበራቸው ጊዜ እጃቸው ምን ይሠራ ነበር?" ብዬ ስጠይቃት፣ "ፈትል ነዋ!" አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። ባዘቶ በሞሰብ አድርጋ ከፊታቸው እንድታስቀምጥ ተነጋገርን፤ ሹል ስለሆነ እንዝርቱ ቀረ። ሴትዮዋ ባዘቶውን እየሳቡ፣ እየጠቀለሉ፣ መልሰው እየፈቱ ከዐስር እስከ ዒሻእ ተቀመጡ። ክንዳቸውም ዳነ። ሌሊት መነሳታቸው ግን አልቀረም፤ ልጅቷ አሁንም ትነሳለች። ስፌት ለኖሩት እናት የረጠበ አክርማ፣ ገበሬ ለነበሩት አባት የለሰለሰ የጠፍር ቁራጭ እንዲሁ ሊሆን ይችላል።

አሰጣጡ ላይ ጥቂት ልበል። "እንኩ አሻንጉሊትዎን" አይባልም። አባባ አባባ ናቸው፣ እማማም እማማ። በሱረቱል-ኢስራእ ለወላጆቻችን "ኡፍ" እንኳ እንዳንል ከተከለከልን፣ በሰው ፊት ልጅ ማድረጋችን እንዴት ሊሆን ነው? አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ትራሱን በራሳችሁ ጭን ላይ አድርጋችሁ ዳስሱት፣ ድምፁ ይሰማ፤ እጃቸው ከመጣ ልቀቁላቸው፣ ካልመጣ ተዉት፣ ነገ ሞክሩ። ረብሻው ከመጀመሩ በፊት፣ ለምሳሌ ዐስር እንደተሰገደ ቢቀርብ ይሻላል፤ አንዴ ከተቆጡ በኋላ መቀበላቸው ያጠራጥራል። ሕፃን ነው ብለው ካቀፉት "ሕፃን አይደለም" ብላችሁ አትከራከሩ፤ እናንተ ራሳችሁም "ልጅዎ ነው" ብላችሁ አትዋሹ። "ደስ ይላል አይደል?" ማለት በቂ ነው። ከእጃቸው ነጥቃችሁ አትውሰዱ፤ ማጠብ ሲያስፈልግ ሲተኙ ይወሰድ።

ጎረቤት መጥቶ "ምን ይዘው ነው?" ካለ፣ "ትራሳቸው ነው" በሉት፤ እውነትም ትራስ ነው።

የሌሊቱ ጥቅም ደግሞ ለእናንተ ነው። ትራሱን ይዘው ሲነሱ ድምፁ ይሰማችኋልና በር ሳይደርሱ ትነቃላችሁ። ይህን የሰሙ አንዳንዶች "ታዲያ ቃጭሉን እጃቸው ላይ ብናስረውስ?" ብለው ጠይቀውኛል። አይታሰርም። እሳቸው ከብት አይደሉም። ድምፁ ያለው በሩ ላይ ይንጠልጠል፣ ከእሳቸው ላይ ግን አይሁን። ብርድ ነው ተብሎም የፈላ ውኃ የተሞላ ላስቲክ ትራሱ ውስጥ አይገባ፤ የአዛውንት ቆዳ ስስ ነው፣ ሙቀቱንም ቶሎ አያውቁትም፣ ሳይናገሩ ይቃጠላሉ።

ትራሱ በየሳምንቱ ጁሙዓ ጠዋት ይፈተሽ፤ ስፌቱ የላላ፣ ዘርፉ የሳሳ፣ የኪኒኑ ዕቃ የተሰነጠቀ እንደሆነ ይጠገን። ወደ ሐኪም ስትሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የጉንፋኑንም የባህሉንም ሳትተዉ፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ፌስታል ውስጥ መቆም ያለበት አንድ ነገር አይጠፋም።